ከኮፈን እስከ ዋቢ፦ መኪና የሚያውቅ ሰው ውክፔዲያን እንዴት ያርማል?

መኪና የሚወድ ሰው የውክፔዲያን ገጽ ሲከፍት ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ስህተቱ ላይ ነው። ሲሲው (የሞተሩ መጠን) ከሌላ ትውልድ ሞተር የተወሰደ፣ ፎቶው የሌላ ሞዴል፣ ዓመተ ምሕረቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ የማይታወቅ ይሆናል። ይህ ዓይን ትልቅ ሀብት ነው። ችግሩ የሚመጣው ጭንቅላት ውስጥ ያለው ሁሉ በቀጥታ ወደ ገጹ ሲገለበጥ ነው። ውክፔዲያ ላይ ሃያ ዓመት ጋራዥ የሠራ መካኒክ ቃልና ትናንት መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ ቃል እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ምንጭ አይደሉም። እውቀታችሁ የሚጠቅመው ስህተቱ የት እንዳለ ለማወቅ ነው። እርማቱን ገጹ ላይ የሚያቆየው የታተመ ምንጭ ነው።

ለማሳያ አዲስ አበባ ውስጥ ማንም የማያጣቸውን ሁለት መኪኖች፣ ላዳንና ቪትዝን፣ እንይዛለን።

መለያ፣ ቪፒኤንና የመጀመሪያዎቹ እርማቶች

መለያ ክፈቱ። ያለ መለያም ማረም ይቻላል፤ ፎቶ ለመጫን ግን ግድ ነው፣ ሥራችሁንም ለመከታተል ይረዳችኋል። የመኪና መሸጫ ወይም የአስመጪ ድርጅት ስም የመለያ ስም አታድርጉ፤ ሊያሳግዳችሁ ይችላል። ገንዘብ እየተከፈለው የሚጽፍ ሰው ደግሞ ከፋዩን በግልጽ የመናገር ግዴታ አለበት።

ማረም ስትሞክሩ «ታግደዋል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ መጀመሪያ ቪፒኤን ክፍት እንደሆነ እዩ። ውክፔዲያ ማንነትን በሚደብቁ መስመሮች በኩል ማረምን ስለሚከለክል፣ አብዛኛውን ጊዜ የታገደው እናንተ ሳትሆኑ የቪፒኤኑ አድራሻ ነው። አጥፍታችሁ ደግማችሁ ሞክሩ።

በአዲስ ገጽ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ አሥር እርማቶች ትንንሽ ይሁኑ፦ የፊደል ግድፈት፣ የተሳሳተ የፎቶ መግለጫ፣ ዋቢ የሌለው ቁጥር። በእያንዳንዱ እርማት ማጠቃለያ ሳጥን ውስጥ ምን እንደቀየራችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉ፤ «የሞተር መጠን ከ1300 ወደ 1298 ሲሲ፤ ከአምራቹ ሰነድ» ዓይነት። «አስተካከልኩ» ብቻ ማለት ምንም እንዳለመጻፍ ነው፤ ገጹን የሚጠብቀው ሰው ቁጥር ብቻ ተቀይሮ ሲያይ ማበላሸት መስሎት ይመልሰዋል።

ረጅም ጽሑፍ ከሆነ መብራትም ኔትወርክም ስለማይታመኑ ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉና በኋላ ለጥፉ። ወይም በ«አባል» ገጻችሁ ሥር ንዑስ ገጽ ከፍታችሁ እዚያ በየአንቀጹ አስቀምጡ፤ እስኪበስል ድረስ ማንም አይነካባችሁም ማለት ይቻላል።

ምን ይታመናል?

ለልኬት፣ ለምርት ዘመንና ለሞተር ዓይነት የአምራቹ ሰነድ ይበቃል። ቶዮታ የ75 ዓመት ታሪኩን ባሰባሰበበት ድረ ገጹ የሞዴሎቹን የትውልድ ሐረግ በየዘመኑ አስቀምጧል፤ ከዚያ መነሳት ጥሩ ነው። የጥገና መመሪያ መጽሐፍም ጠንካራ ምንጭ ነው፤ የኅትመት ቁጥሩንና ገጹን መጥቀስ አትርሱ። አምራቹ ስለ ራሱ መኪና «ምቹ»፣ «አስተማማኝ» ሲል ግን ያ ማስታወቂያ ነው። እንዲህ ላለው ፍርድ ገለልተኛ መጽሔት ያስፈልጋል፦ እንደ እንግሊዙ ኦቶካር (ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ) ወይም እንደ ጣሊያኑ ኳትሮሩዎቴ (ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ)። የጣሊያኑ በተለይ ለፊያት ዘመዶች ይጠቅማል። መኪናው ኢትዮጵያ ውስጥ ስላለው ታሪክ ደግሞ የአገር ውስጥ ጋዜጣ ፈልጉ።

የማይታመኑት የሽያጭ ማስታወቂያ፣ የቴሌግራም ቻናልና የዩቲዩብ ግምገማ ናቸው። ማስታወቂያው «ሞዴል 2008» ሲል የተሠራችበትን ይሁን የተመዘገበችበትን ወይስ ደላላው የገመተውን አታውቁም።

ከሁሉም የባሰው ወጥመድ ግን ከራሱ ከውክፔዲያ የተቀዳ ድረ ገጽ ነው። አንድ ሰው ያለ ምንጭ ቁጥር ያስገባል፤ የመኪና መረጃ የሚያከማች ድረ ገጽ ይቀዳዋል፤ ሌላ አራሚ መጥቶ ያንኑ ድረ ገጽ ዋቢ ያደርገዋል። ክቡ ተዘጋ። ለማጣራት የገጹን ታሪክ ክፈቱና ቁጥሩ መጀመሪያ የገባበትን ቀን ፈልጉ፤ ምንጭ የተባለው ድረ ገጽ ከዚያ ቀን በኋላ የተጻፈ ከሆነ ጣሉት።

የራሳችሁ መኪና የሻንሲ ቁጥርስ? ለማጣራት እንጂ ለዋቢነት አይሆንም። ሌላ አንባቢ ኮፈናችሁን ከፍቶ ማየት አይችልም።

ቁጥር ላይ ጊዜ አጥፉ

በመኪና ገጽ ላይ ብዙ ስህተት የሚሰበሰበው እዚህ ነው። ላዳን እንውሰድ። የሶቪየት መንግሥት በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ተዋውሎ ቶልያቲ ከተማ ላይ ፋብሪካ ሠራ፤ ከ1970 ጀምሮ በፊያት 124 ላይ የተመሠረተችው ቫዝ 2101፣ የመጀመሪያዋ ላዳ፣ ወጣች። ብዙ ገጽ ላይ «ላዳ ማለት የፊያት 124 ግልባጭ ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ታገኛላችሁ። የሞተሩን መጠን ስታዩ ደግሞ ፊያት 1197 ሲሲ፣ ላዳ 1198 ሲሲ ይላል። አንድ ቅን አራሚ ይመጣና «አንዱ የፊደል ስህተት ነው» ብሎ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያጋጥማችሁ ካልኩሌተር አውጡ። የሲሊንደሩን ስፋት በራሱ አባዙ፣ በ0.7854 አባዙ፣ በፒስተኑ ምት ርዝመት አባዙ፣ በሲሊንደር ብዛት አባዙ፣ መጨረሻ ላይ ለ1000 አካፍሉ፤ ልኬቶቹ በሚሊሜትር ይሁኑ። የፊያቱ ስፋት 73፣ ምቱ 71.5 ነው፤ ውጤቱ 1197.0። የላዳው ስፋት 76፣ ምቱ 66 ነው፤ ውጤቱ 1197.6፣ ተጠጋግቶ 1198። በአንድ ሲሲ የተለያዩ መስለው ፈጽሞ ሁለት ሞተር ናቸው። የፊያቱ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) ብሎኩ ውስጥ ነው፤ የላዳው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ወጥቷል። የኋላው የዲስክ ፍሬንም ለሶቪየት መንገድ በታምቡር ተተክቷል። ስለዚህ ትክክለኛው ቃል «በፊያት 124 ላይ የተመሠረተች» ነው። «ግልባጭ» አይደለችም።

ይህ ስሌት ለማረጋገጥ ብቻ ነው። ያሰላችሁት ቁጥር ከምንጩ ጋር ካልተስማማ ሁለተኛ ምንጭ ፈልጉ እንጂ የራሳችሁን ስሌት ገጹ ላይ አትጻፉ።

ቪትዝ ላይ ያለው ወጥመድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ 1ኤስዜድ-ኤፍኢ፣ 997 ሲሲና አራት ሲሊንደር ነው። የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1 ሊትር፣ 1ኬአር-ኤፍኢ፣ 996 ሲሲ ሆኖ ሦስት ሲሊንደር ነው። ሲሲው ስለተቀራረበ አንዱን ወደ ሌላው መገልበጥ የተለመደ ነው፤ ቪትዝ ሁሉ ሦስት ፒስተን ነው የሚለው ወሬም ከዚሁ ይመነጫል። መለያው ሻንሲው ላይ ነው፦ ኤስሲፒ10 ከሆነ የመጀመሪያው፣ ኬኤስፒ90 ከሆነ ሁለተኛው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ መኪና አሥራ ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለው ዓለም አቀፍ መለያ እንደሌለው አስታውሱ፤ አሥረኛው ቦታ ላይ የሞዴል ዓመት እንፈልግ ማለት እዚህ አይሠራም።

የፈረስ ጉልበትን በተመለከተ አማርኛ የራሱ ችግር አለበት። በአውሮፓና በጃፓን ልማድ የሚለካው 0.7355 ኪሎዋት ነው፤ የእንግሊዝና የአሜሪካው 0.7457። እኛ ሁለቱንም «የፈረስ ጉልበት» ብለን እንጠራቸዋለን። ስለዚህ 70 የሚል የጃፓን ቁጥርና 69 የሚል የእንግሊዝኛ ገጽ ቁጥር ስታዩ የተጣሉ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለቱም 51.5 ኪሎዋት ገደማ ናቸው። መፍትሔው ኪሎዋቱን አስቀድሞ መጻፍ፣ የፈረስ ጉልበቱን በቅንፍ ማስከተል ነው። ለድሮ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፦ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ድረስ የጃፓን ብሮሹር የሚሰጠው ጉልበት ሞተሩ ብቻውን ወጥቶ፣ ተጓዳኝ ዕቃዎቹ ሁሉ ሳይገጠሙለት የተለካ ነው። ከአዲስ መኪና ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ያሳስታል።

የነዳጅ ፍጆታን ያለ መለኪያው ስም አትጻፉ። የጃፓን 10-15 ሞድ፣ በኋላ የተካው ጄሲ08፣ የአውሮፓው ኤንኢዲሲና የአሜሪካው መለኪያ አንድን መኪና በአንድ መንገድ አይፈትኑም። በሊትር 20 ኪሎ ሜትር ማለት በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ነው፤ መቶን ለቁጥሩ ማካፈል ብቻ ነው። ሁለቱንም ጻፉ። «በከተማ 18 ትሄዳለች» የሚለውን ግን ለታክሲ ተራው ተዉት።

አሁን ዓመተ ምሕረት። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው ጊዜ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም ዋዜማ 8 ዓመት ነው። ቪትዝ በጃንዋሪ 1999 ወጣች፤ 1991 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ትውልድ በፌብሩዋሪ 2005፤ 1997 ዓ.ም.። ሦስተኛው በዲሴምበር 2010 ሲሆን ይህ 2003 ዓ.ም. ነው፤ በልማድ 8 የቀነሰ ሰው 2002 ብሎ ይሳሳታል። ወሩን የማታውቁ ከሆነ አትለውጡ፤ «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ እንዳለ አስቀምጡት። የ«ሞዴል ዓመት» ደግሞ በፍጹም አይለወጥም። እሱ የንግድ ስያሜ ነው፤ የ2008 ሞዴል በ2007 ተሠርታ ልትሸጥ ትችላለች። ገጹ ላይ ዓመት ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይለጠፍበት አይለፍ።

ሰፈር የሚጠራበትና ፋብሪካው የሚጠራበት

ዲኤክስ ማንም የሚያውቀው መኪና ነው፤ ግን ዲኤክስ የሚባል ሞዴል የለም። የኮሮላ የደረጃ ስም ነው፣ ዴሉክስ ለማለት። በኢ70፣ በኢ80ም በኢ90ም ትውልድ ዲኤክስ አለ። ስለዚህ «ቶዮታ ዲኤክስ» የሚል ራሱን የቻለ ገጽ አትክፈቱ፤ ስሙን ወደ ኮሮላ ገጽ የሚመራ መምሪያ አድርጉት፤ ሰው የሚፈልገው በዚያ ስም ነውና። ባጃጅም እንዲሁ ነው፦ የኩባንያ ስም ሆኖ ሳለ እኛ ዘንድ የባለ ሦስት እግሩ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል፤ ሁለት የተለያዩ ገጾች ይገባዋል።

ያሪስና ቪትዝ ይበልጥ ያደናግራሉ። የጃፓኗ ቪትዝ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ ተሽጣለች፤ ነገር ግን ያሪስ የተባለው ሰዳን በጃፓን ቤልታ ነበር፣ በሌላ ገበያ ደግሞ ቪዮስ። የያሪስ ሰዳን ፎቶ ቪትዝ ገጽ ላይ ካገኛችሁ አውጡት።

«አባዱላ»ን የመሰለ ቅጽል ስም መጥቀስ ይቻላል፤ ግን ጋዜጣ ላይ ተጽፎ ሲገኝና ስያሜው የሚያመለክተው ትውልድ ከምንጩ ሲታወቅ ብቻ ነው። የፊደል ልዩነትን ደግሞ በመምሪያ ፍቱት፦ ሃዩንዳይ፣ ሂዩንዳይ፣ ሁንዳይ፤ መርሴዲስ፣ ማርቸዲስ። አንዱን የገጹ ርዕስ አድርጉና ሌሎቹን ወደሱ ምሩ።

ስለ ክፍሎቹ ስም የምንመክረው ጋራዥ የሚናገረውን መያዝ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፤ ከጣሊያን መጥተው አማርኛ ሆነዋል። መዝገበ ቃላት ላይ ብቻ ያለ አዲስ ቃል ፈጥሮ «የኃይል ማስተላለፊያ ሥርዓት» ማለት መካኒኩንም ተማሪውንም ያደናግራል። መጀመሪያ ሲመጣ በአንድ ሐረግ አስረዱት፣ ከዚያ ወዲያ «ካምቢዮ» ብቻ በሉ።

የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሁን፦ «ቶዮታ ቪትዝ የጃፓኑ ቶዮታ ኩባንያ በጃፓን ገበያ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. በዚህ ስም ያቀረበው ትንሽ መኪና ነው።» «እጅግ ቆጣቢ፣ ጠንካራና በአገራችን ተወዳጅ» የሚለው መጨረሻው ላይ ሲቀጠል ገጹ ወደ ማስታወቂያነት ይለወጣል። የአሁን የመሸጫ ዋጋም አይገባም፤ ሳምንት ሳይሞላው ያረጃል።

ፎቶ

ለአማርኛው ገጽም ለሌሎቹም የሚጠቅመው ትልቁ ስጦታችሁ ይህ ሊሆን ይችላል። ሌላ አገር የጠፉ የድሮ መኪኖች እኛ ዘንድ ገና እየሠሩ ነው።

ከአካሏ ያልተነካች መኪና ምረጡ፦ የተቀየረ ቸርኬ፣ የተለጠፈ ስቲከር፣ የተጨመረ ፓራውልት የሌላት። ከፊት ለፊት በሰያፍ ቁሙ፤ የፊቷም የጎኗም መስመር ይታይ። ስልኩን ወደ ፊት መብራቱ ቁመት ዝቅ አድርጉ። ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ራቁና ሁለት እጥፍ አቅርቡ፤ ተጠግታችሁ ካነሳችሁ የስልኩ ሰፊ ሌንስ አፍንጫዋን ያሳብጠዋል፣ ኋላዋን ያጠበዋል። ጎማዎቹ ቀጥ ይበሉ። የቀትር ፀሐይ ኮፈኑ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ደመና ያለበትን ሰዓት ወይም ጥላን ጠብቁ። ከዚያ ከኋላ በሰያፍ ሁለተኛ፣ የውስጡን ሦስተኛ። ሰሌዳውን ሸፍኑ፤ ባለቤቱንም አስፈቅዱ።

ላዳ ስታነሱ ሞዴሉን መለየት ከፊት መብራቱ ይጀምራል። በየጎኑ አንድ ክብ ከሆነ 2101፣ በየጎኑ ሁለት ሁለት ክብ ከሆነ 2103 ወይም 2106፣ አራት ማዕዘን ከሆነ 2105 ወይም 2107። የ2107ቷ ግሪል ጎላ ያለና ኒኬል የለበሰ ነው። መብራቱም ግሪሉም ሊቀየሩ ስለሚችሉ እርግጠኛ ካልሆናችሁ የሻንሲ ሰሌዳውን እዩ።

ፎቶው የሚጫነው ዊኪሚዲያ ኮመንስ ላይ ነው። የፋይሉ ስም ሞዴሉን፣ ትውልዱን፣ ከየት በኩል እንደተነሳና ከተማውን ይናገር። ራሳችሁ ያላነሳችሁትን አትጫኑ፤ ከፌስቡክ የተወሰደ ፎቶ ይሰረዛል። ነጻ ፈቃድ ስትሰጡ ማንም ሰው፣ ነጋዴም ቢሆን፣ ስማችሁን ጠቅሶ ሊጠቀምበት እንደሚችል እወቁ። የሻጭ ማስታወቂያ ላይ ብታዩት ስማችሁ እስካለ ድረስ መብቱ ነው።

ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም

መተርጎም ይፈቀዳል፤ ግን በማጠቃለያው ሳጥን ከየትኛው ገጽ እንደተረጎማችሁ ከነማያያዣው መጻፍ የፈቃዱ ግዴታ ነው። ዋቢዎቹን ሳታዩ አትቅዱ፤ ቢያንስ የምትጠቀሙበትን ቁጥር ከምንጩ ጋር አመሳክሩ፤ የሞተ ማያያዣ ካለ ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ የቆየውን ቅጂ ፈልጉ። ዘጠኝ ትውልድ በአንድ ጊዜ ከመተርጎም አንድ ትውልድ በደንብ መሥራት ይሻላል።

የተለመደው ብልሽት የጎን ሰንጠረዡ ነው። የእንግሊዝኛውን ስትለጥፉ በቀይ ጽሑፍ የተሞላ ቁርጥራጭ ይወጣል፤ ምክንያቱም የሚጠራው «መለጠፊያ» (ሰንጠረዡን የሚሠራው ዝግጁ ቅርጽ) አማርኛው ውስጥ የለም ወይም የሚደገፍበት ኮድ አልመጣም። አዲስ መለጠፊያ ማምጣት ለጀማሪ አይሆንም። ተራ ባለ ሁለት ዓምድ ሠንጠረዥ ሥሩ፦ አምራች፣ የምርት ዘመን፣ የመገጣጠሚያ ቦታ፣ ሞተር፣ ካምቢዮ፣ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለ ርቀት፣ ርዝመት፣ ወርድ፣ ቁመት፣ ክብደት። አሥር ረድፍ ይበቃል። የጌጥ ደረጃዎችንና የቀለም ምርጫዎችን መዘርዘር የብሮሹር ሥራ ነው።

እርማታችሁ ሲመለስ

መመለሱ አይቀርም። ወዲያው መልሳችሁ አታስገቡ፤ በእንግሊዝኛው ውክፔዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከሦስት ጊዜ በላይ መልሶ መቀየር ያሳግዳል። ታሪኩን ክፈቱና የመላሹን ማጠቃለያ አንብቡ፤ አብዛኛውን ጊዜ «ምንጭ የለውም» ይላል፣ መልሱም ምንጩን ማምጣት ነው።

ካልተስማማችሁ ከየገጹ ጀርባ «ውይይት» የሚል ገጽ አለ። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጥባቸው የነበሩት የድሮ ታክሲዎች ስም ነው፤ ሥራውም ያው ነው። እዚያ ላይ «እኔ መኪናውን አውቀዋለሁ» አትበሉ። «የላዳው ስፋት 76፣ ምቱ 66፤ የፊያቱ 73 እና 71.5፤ ምንጩ ይህ፣ ገጹ ይህ» በሉና ፈርሙ። የአማርኛው ውክፔዲያ አራሚዎች ጥቂት ስለሆኑ መልስ ሊዘገይ ይችላል። አንድ ሳምንት ጠብቁ፤ ማንም ካልተቃወመ እርማቱን ከነዋቢው አስገቡና በማጠቃለያው «ውይይቱን ይመልከቱ» ብላችሁ ጻፉ።